ስሙን ነገሯችሁ፤ ከዚያስ? ከኦቲዝም ወይም ከባይፖላር ምርመራ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ወራት

ሐኪሙ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ያየሁት ማህተሙን ነው። ሰማያዊ፣ ክብ፣ ትንሽ የተንሻፈፈ። ከላይ የተጻፈውን ማንበብ አልቻልኩም፤ እንባዬ ቀደመኝ። ልጄ ያኔ 3 ዓመቱ ነበር። ወንበሩ ሥር ቁጭ ብሎ የውኃ ጠርሙስ ክዳኖች ይደረድራል። ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ነጭ ከነጭ። አንዱን ሳላውቅ በእግሬ ስነካበት የጮኸው ጩኸት ኮሪደሩን ሁሉ አናወጠው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ወረቀቱ ኦቲዝም ይላል። ቤታችን ግን ለእንዲህ ዓይነት ወረቀት አዲስ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ 2ኛ ዓመት እያለ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሕመም እንዳለበት ተነግሮናል። ይሄን መንገድ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን በጭፍን። ይሄን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት ወረቀቱ ለተሰጣችሁ ቤተሰቦች ነው።

ወረቀቱን እንደተቀበልን ሁላችንም የምንሮጠው የሚያድን ሰው ፍለጋ ነው። አንዱ ጋ ሄደን ሳንጨርስ ወደ ሌላው። ብር ያልቃል፣ ጊዜ ያልቃል፣ ሰውም ይደክማል። እኛን የረዳን ቀኑን ማስተካከል ነው። መቼ ይተኛል፣ መቼ ይበላል፣ ቀጥሎ ምን ይመጣል። ኦቲዝምና ባይፖላር ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀኑ ሲዘበራረቅ ግን ሁለቱም ይብሳሉ። ሕክምናውም፣ ሥልጠናውም፣ መድኃኒቱም ይበልጥ የሚሠራው የተረጋጋ ቀን ላይ ሲያርፍ ነው።

መጀመሪያ፦ የተነገራችሁን ነገር ለዩት

ኦቲዝም አንድ ቀን መጥቶ የሚይዝ በሽታ አይደለም። ልጁ አብሮት የሚወለደው፣ አእምሮው የሚያድግበት የተለየ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ልጁ 3 ዓመት ሳይሞላው ይታያል። ልጁ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ አይዞርም። በዓመት ተኩሉ የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፤ እጃችሁን ይዞ ይጎትታል እንጂ። 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያጋጥምም። አንዳንዱ የጀመራቸውን ቃላት መልሶ ያጣል። የኔ ልጅ "ውኃ" ይል ነበር፤ ከዚያ ተወው። ድምፅ፣ መብራት፣ የልብስ ስፌት ሳይቀር ይረብሸዋል።

ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራ ወይም ራጅ የለም። ባለሙያው ልጁን በማየትና እናንተን በመጠየቅ ነው የሚለየው። የመስማት ምርመራ ግን አሠሩ። የማይሰማ ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርም።

ደግሞ እናቶች፣ ይሄን ስሙኝ። እናንተ አላመጣችሁትም። እርጉዝ ሆናችሁ ስለተናደዳችሁ አይደለም፣ ቡዳም አይደለም። ትልቁ ድርሻ የዘር ነው። ክትባትም አይደለም። ይሄን ወሬ ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1998 ዘ ላንሴት በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ ራሱ በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፣ ዋናው ጸሐፊም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። ለሌሎቹ ልጆቻችሁ የኩፍኝ ክትባት እንዳትከለክሉ።

ባይፖላር ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ስሜት ለሳምንታት ወደ ላይ ይወጣል፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ወደ ታች ይወርዳል፤ መሐል ላይ ሰውየው ራሱን ሆኖ ይኖራል። ጠዋት ተቆጥቶ ከሰዓት የሳቀ ሰው ሁሉ ባይፖላር አይደለም። ማኒያ የሚባለው ከፍታ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ወይም ሆስፒታል እስከሚያስገባ ድረስ ይከፋል። ቀለል ያለ፣ ከ4 ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ከፍታም አለ።

የወንድሜ የመጀመሪያው ከፍታ ሲጀምር ደስ ብሎን ነበር። ዝምተኛው ልጅ ተናጋሪ ሆነ፣ ዓይኑ በራ፣ ለእማዬ ስጦታ ገዛ። አራት ሌሊት አልተኛም። በአምስተኛው ቀን ቴሌቪዥኑን ሸጦ 3 በግ እየነዳ ግቢ ገባ። ለሰፈሩ ሁሉ ድግስ ሊደግስ። "አይሆንም" ስንለው የተቆጣው ቁጣ የሱ አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ያው ልጅ ፊቱን ለመታጠብ ከአልጋ መነሳት አቃተው።

አንድ ሰው ኦቲዝምም ባይፖላርም ሊኖርበት ይችላል። ያን ጊዜ መለየቱ ይከብዳል። ከሌላ ሰው ጋር አታነጻጽሩት፤ ከራሱ ከበፊቱ ጋር አነጻጽሩት። ሁልጊዜ ለ9 ሰዓት ያህል የሚተኛ ልጅ በድንገት ለ3 ሰዓት ብቻ ተኝቶ ካልደከመው ለሐኪሙ ንገሩ።

ሁለተኛ፦ አንድ ደብተር ግዙ

50 ሉክ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ አራት ነገር ጻፉ። ለስንት ሰዓት ተኛ? ምን በላ? መድኃኒቱን ወሰደ? ዛሬ ምን የተለየ ነገር ነበር? ከአራት መስመር አትለፉ፤ ከበዛ ትተዉታላችሁ።

ጥቅሙ ሐኪም ቤት ነው የሚታየው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። "እንዴት ከረመ?" ሲባል "ደህና ነው" ብለን እንወጣለን። ደብተሩ ካለ ግን ሐኪሙ ራሱ ያያል። የወንድሜ መድኃኒት የተስተካከለው በንግግራችን አይደለም። ሐኪሟ ሦስት ሳምንት የእንቅልፍ ሰዓት በጣቷ እየቆጠረች አይታ ነው።

ባይፖላር ላለበት ሰው ቤተሰብ አንድ ከባድ ምክር አለኝ። ስለ ድብርቱ ብቻ ተናግራችሁ ከፍታውን አትደብቁ። እንቅልፍ ያጣበትን፣ ብር የበተነበትን፣ የተናገረውን ሁሉ ንገሩ። ሐኪሙ ድብርት ብቻ መስሎት የድብርት መድኃኒት ለብቻው ካዘዘ ሰውየውን ወደ ማኒያ ሊወረውረው ይችላል። እኛ ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ሐኪሙ አላጠፋም፤ እኛ ነን ያልነገርነው። አፍረን ነበር።

ሦስተኛ፦ ወዴት ትሄዳላችሁ?

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ አማኑኤል ሆስፒታልን የማያውቅ የለም። ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ ስሙ ራሱ ያስፈራል። ዛሬ ግን የአእምሮ ሕክምና ክፍል በጥቁር አንበሳም፣ በቅዱስ ጳውሎስም፣ በዘውዲቱም አለ። ለልጆች የየካቲት 12ንና የቅዱስ ጳውሎስን የልጆች አእምሮ ጤና ክፍል ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ውጪ ጅማ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት፣ ሐዋሳ ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ክሊኒክ አላቸው። ገጠር ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር ወረቀት ይሰጧችኋል። የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ያለ ሪፈር አትሂዱ፤ ወጪው እናንተው ላይ ያርፋል።

ለኦቲዝም ሁለት ስም ያዙ። አንዱ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ማዕከሉን ሲከፍቱ በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ የሚናገር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጆች በፊደላችን ድምፆች መናገር እንዲለማመዱ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የሚባል ዘዴ ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። በ2021 አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሁለተኛው በወላጆች የተመሠረተው ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል ነው። ቦታ ወዲያው ላይገኝ ይችላል። ስማችሁን አስመዝግቡ፣ ግን ተራ እስኪደርስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። እቤት የምትጀምሩት ሥራ አለ።

አራተኛ፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ቀኑን መሥራት

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። መሠረቱ ቀላል ነው፤ ልጁን ወደ እናንተ ጨዋታ አትጎትቱ፣ እናንተ ወደ ሱ ጨዋታ ግቡ።

እንዲህ ነው ያደረግኩት። ምንጣፉ ላይ ከፊቱ ቁጭ አልኩ። ክዳኖቹን አልነካሁም። የራሴን ክዳኖች አመጣሁና እንደሱ መደርደር ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀርባውን ሰጠኝ። ቆይቶ ከኔ ረድፍ አንድ ነጭ አንስቶ ወደ ነጮቹ መለሰልኝ፤ አሳስቼ ነበር። ከዚያ ሰማያዊ ክዳን ከዓይኔ አጠገብ አድርጌ "ሰማያዊ" ብዬ ዝም አልኩ። በልቤ እስከ 5 ቆጠርኩ። አላለም። ሰጠሁት። በቀን 15 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ከወራት በኋላ አንድ ማታ እጄን ጎተተና "ማያዊ" አለኝ።

ዋናው ያ ዝምታ ነው። እኛ ብዙ እናወራለን። አንድ ቃል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል፤ ተለማመዱት። መልስ ባይሰጥ አትቆጡ፣ ቂምም አትያዙበት።

ቀጥሎ ቀኑን በሥዕል አሳዩት። እኔ በስልኬ አነሳሁ፤ ጫማውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሳህኑን፣ ታክሲውን፣ የአያቱን በር። ፎቶ ቤት አሳጥቤ ግድግዳ ላይ በተርታ ለጠፍኳቸው። ያለቀውን እሱ ራሱ ይነቅላል። "መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ውጪ።" ጩኸቱ የቀነሰው ከዚህ በኋላ ነው። የሚያስጮኸው ክፋት ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቅ ነበር። "ሥዕል ካስለመዳችሁት አይናገርም" የሚሏችሁን አትስሙ። ሥዕል ንግግርን አያስቀርም።

ሲበሳጭ ምን እንደቀደመ በደብተሩ ጻፉ። ብሌንደር? የጎረቤት ሠርግ ሞንታርቦ? የተቀየረ መንገድ? ሁለት ሳምንት ከጻፋችሁ ምክንያቱ ይገለጣል። ራሱን የሚመታ ከሆነ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን አስመርምሩ። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን በዚህ ነው የሚነግረን። በድንገት ፈዝዞ የሚቀር ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከኦቲዝም ጋር አብሮ ይታያል፣ ሕክምናም አለው።

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ለከባድ ብስጭት ወይም እንቅልፍ እጦት ሐኪም የሚያዝዘው ሊኖር ይችላል፤ ያ ሌላ ነው። "እናጠፋዋለን" እያሉ ጠብታ፣ ዱቄት፣ አልፎም በረኪና መሰል ነገር የሚሸጡ አሉ። ልጅ ይጎዳሉ። አትቅረቧቸው።

ብዙዎቹ ልጆች ከቤት ይወጣሉ፣ አደጋም አይፈሩም። በሩን ከፍ ያለ መቀርቀሪያ አድርጉለት። ውኃ ያለበት ጉድጓድ ክደኑ። ስማችሁንና ስልካችሁን ልብሱ ውስጥ ስፉለት።

አምስተኛ፦ ባይፖላር ላለበት ሰው መድኃኒትና እንቅልፍ

እዚህ ላይ መድኃኒት ዋናው ነው። ቀኑን ስለማስተካከል ያልኩት ሁሉ መድኃኒቱን አይተካም።

ሊቲየም ለማኒያ እንደሚረዳ አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ነው የጻፈው። እስከ ዛሬ ከታመኑት መድኃኒቶች አንዱ ነው። አገር ቤት እንደልብ ስለማይገኝ ሶዲየም ቫልፕሮት፣ ካርባማዜፒን፣ ኦላንዛፒን ወይም ሪስፐሪዶን ሊታዘዝ ይችላል። መምረጡ የሐኪሙ ነው። እናንተ ግን እነዚህን ጠይቁ።

ሊቲየም ከሆነ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው ይለካል። ደሙ የሚሰጠው የመጨረሻው እንክብል ከተወሰደ 12 ሰዓት ሲሆነው ነው። ኩላሊትና ታይሮይድም ይታያሉ። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ከባድ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የምላስ መተሳሰር ወይም መንገዳገድ ከመጣ ቀጣዩን አትስጡ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ። ለራስ ምታት ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሳትጠይቁ አትግዙ፤ ሊቲየሙን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታል። ጾምም እዚህ ላይ ይመጣል። ውኃ ሳይጠጡ መዋል ሊቲየም ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሁዳዴ ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁንም አማክሩ። ለታመመ ሰው ሁለቱም ሃይማኖት ፈቃድ አላቸው።

ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ከሆነች ስለ ቫልፕሮት ለይታችሁ ጠይቁ፤ ፅንስን ይጎዳል። ካረገዘች ግን በራሷ በድንገት አታቁመው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ትጠይቅ። የአራስነት ሳምንታትም ለባይፖላር እጅግ አስጊ ጊዜ ናቸው። ገንፎ ይዞ የሚመጣ ጠያቂ ሳይሆን ሌሊት ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ነው የሚያስፈልጋት።

ትልቁ ስህተት "ተሽሎኛል" ብሎ ማቆም ነው። ወንድሜ ሁለት ጊዜ አቁሟል። የተሻለው በመድኃኒቱ ነበር። ካወፈረው ወይም ካደነዘዘው እውነቱን ነው፣ አትከራከሩት። አብራችሁት ሐኪም ጋ ሂዱና መጠኑ ወይም ዓይነቱ ይቀየር።

እንቅልፍን እንደ መድኃኒት ቁጠሩት። በአንድ ሰዓት መተኛት፣ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ ቅዳሜና እሁድም ቢሆን። ጫት ይቅር፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ማኒያም ይቀሰቅሳል። የኛ ሰው ማደር ይወዳል። ለቅሶ ቤት ያድራል፣ ማኅሌት ይቆማል፣ ሠርግ ያነጋል። ወንድሜ የአጎታችን ለቅሶ ላይ ሁለት ሌሊት አድሮ በሦስተኛው ቀን ከፍታው ጀመረው። ከዚያ ወዲህ ቀን ሄዶ ያስተዛዝናል፣ ማታ ቤቱ ይተኛል። ዘመድ መጀመሪያ ቅር አለው። አሁን ለምዷል።

ስድስተኛ፦ ለክፉ ቀን በደህናው ቀን ተነጋገሩ

ወንድሜ ደህና ሆኖ ሳለ ቡና ተፈልቶ ቁጭ አልንና አንድ ገጽ ጻፍን። የጻፈው እሱ ነው። "ሲጀምረኝ ቶሎ ቶሎ አወራለሁ። ሌሊት ሰው ጋ እደውላለሁ። ያን ጊዜ የባንክ ካርዴን ለእህቴ እሰጣለሁ። ሆስፒታል የሚወስደኝ የሠፈር ጓደኛዬ ይሁን።" ፈረመበት። ወረቀቱን ስናሳየው የሚቆጣበት ጊዜ አለ። ግን የራሱ እጅ ጽሑፍ ስለሆነ ያነበዋል።

ከፍታው ከመጣ ሰው አታብዙ። የሚሰማውን አንድ ሰው ጥሩ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ስለ ታላላቅ እቅዶቹ አትሟገቱ። ማሰርና መምታት አይሆንም። ስንፈራ የምናደርገው ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይጎዳል፣ እምነትም ይሰብራል።

ዝቅታው ላይ ደግሞ "መሞት ይሻለኛል"፣ "ሸክም ሆንኩባችሁ" ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት። "ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ እንዲያውም ያቀለዋል። ብቻውን አትተዉት። መድኃኒቶችንና ፀረ ተባዩን ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አሜሪካ ከሆናችሁ 988፣ እስራኤል ከሆናችሁ 1201 ደውሉ።

ሰባተኛ፦ ጸበሉስ?

ይሄን የምጠየቀው በየቀኑ ነው። እኛም ሄደናል። እማዬ ያለዚያ አታርፍም ነበር። ጸበል ሂዱ፣ ጸልዩ፣ ዱዓ አስደርጉ። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ከዓመታት በፊት የኤችአይቪ መድኃኒት ጥያቄ ሲነሳ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ አስተምረዋል። ለዚህም ያው ነው። "መድኃኒቱን ጣል" የሚል አጥማቂ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ጸበል ቦታ ስትቆዩ እንቅልፉንና ምግቡን ጠብቁለት።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ፦ ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው የሕፃናት የቅድሚያ ድጋፍ ፕሮግራም አለ። 3 ዓመት ከሞላው የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በነፃ የመገምገም ግዴታ አለበት። ጥያቄውን በቃል አትተዉት፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ ጽፋችሁ ቅጂውን ያዙ። ልጁ ብቁ ከሆነ አይኢፒ የሚባል የግል የትምህርት እቅድ ይወጣለታል። ስብሰባው ላይ ያልገባችሁን አትፈርሙ። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ልጃችሁ ለራሱ ምርመራ አስተርጓሚ አይሁን።

እስራኤል፦ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ (ከብሔራዊ መድን ድርጅቱ) የአካል ጉዳተኛ ልጅ አበል ጠይቁ። ለሕክምናው በኩፓት ሖሊማችሁ (በጤና መድን ድርጅታችሁ) በኩል የልጆች እድገት ማዕከል ቀጠሮ ያዙ። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች "አሉት" የሚባል ማኅበር አለ። ለባይፖላር ከ2000 ጀምሮ በሕግ የተደነገገውና "ሳል ሺቁም" የሚባለው የማገገሚያ ድጋፍ አለ፤ ቤት፣ ሥራና ትምህርት ላይ ያግዛል። ለዚህ ግን የአእምሮ ሕመም ጉዳት ደረጃ ቢያንስ 40 በመቶ ተብሎ መወሰን አለበት።

ለሰው ምን ትላላችሁ?

ለሁሉም መናገር የለባችሁም። ግን ሦስት ሰው ይወቅ፦ አንድ ጎረቤት፣ አንድ ዘመድ፣ አንድ የሥራ ወይም የትምህርት ቤት ሰው። ለመንገድ ደግሞ አጭር ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። እኔ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ጮኸና ልጄ ጆሮውን ይዞ መጮህ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ "ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው?" አሉ። "እናቴ፣ ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ ድምፁ አሞት ነው" አልኳቸው። ረዳቱ ሰምቶ ኖሮ ሾፌሩን ትከሻውን ነካ አደረገው። ሬዲዮው ጠፋ። ሴትዮዋ ዝም ብለው ቆዩና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከመስኮቱ ጥግ ቦታ ለቀቁለት።